ምዕራፍ አምስት፦ አሸዋው የሚያወርሰው

የናይል አዞ እንቁላል የመጣያ ጊዜዋ ሲደርስ ከውኃው ወጥታ በዳርቻው አሸዋማ ቦታ ትመርጣለች። በእግሮቿ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ጉድጓድ ትቆፍርና ከ25 እስከ 80 የሚደርሱ እንቁላሎች ጥላበት አሸዋውን መልሳ ታለብሰዋለች። እንደ ዶሮ አትታቀፋቸውም፤ ሙቀቱን የሚሰጡት ፀሐይና አፈር ናቸው። የእሷ ሥራ ዘብ መቆም ነው። ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከአካባቢው ሳትርቅ አርጃኖውንና ጅቡን ስትከላከል ትቆያለች። ጫጩቶቹ ከአሸዋው ሥር መጮኽ ሲጀምሩ ጉድጓዱን ትከፍትና በአፏ እየያዘች ወደ ውኃው ታወርዳቸዋለች። በጫሞ ሐይቅ ላይ የአርባ ምንጭ ሰዎች «የአዞ ገበያ» በሚሉት ዳርቻ ተጋድመው ፀሐይ የሚሞቁት ግዙፍ አዞዎች ሕይወትን የጀመሩት እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

እንቁላሎቹ አሸዋው ውስጥ በገቡበት ሌሊት ግን ወንድ ወይም ሴት ተብሎ ሊለይ የሚችል አንድም እንቁላል የለም። ይህ እኛ ለይተን ማወቅ ስላልቻልን አይደለም። ጽንሱ ራሱ ገና ጾታ የለውም፤ ጾታውን የሚወስን የተለየ ክሮሞዞምም አልያዘም። ወንድ ይሁን ሴት የሚወሰነው ከሳምንታት በኋላ፣ እንቁላሉ በተቀበረበት ቦታ ባለው ሙቀት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ የሚሆንብን ጾታን የምናውቀው ከራሳችንና ከቤት እንስሶቻችን ስለሆነ ነው። በሰው፣ በላምና በበግ ነገሩ የሚያልቀው በፅንሰት ቅጽበት ነው፤ ከአባት ኤክስ ክሮሞዞም ከመጣ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ። በዶሮ ደግሞ ሥርዓቱ ይገለበጥና ጾታ የሚለየው ከእናት በሚመጣው ክሮሞዞም ይሆናል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳትም ከሁለቱ በአንዱ መንገድ ይሄዳሉ ብለው ለረጅም ጊዜ አምነው ኖሩ። እባቦችን ላየ ግምቱ ልክ ነበር፤ የእባብ ጾታ የሚወሰነው በክሮሞዞም ነው። ብዙ እንሽላሊቶችም እንደዚያው ናቸው። አዞዎች ግን ሁሉም፣ ኤሊዎች ደግሞ አብዛኞቹ፣ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ናቸው።

ይህን መጀመሪያ የመዘገቡት አፍሪካ ውስጥ፣ ሴኔጋል ዳካር ላይ ይሠሩ የነበሩት የእንስሳት ተመራማሪ ማድሌን ሻርኒየ ነበሩ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1966 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያጠኑት በምዕራብ አፍሪካ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚታየውን፣ ወንዱ በመራቢያ ወቅት ጭንቅላቱ ብርቱካንማ፣ ሰውነቱ ሰማያዊ የሚሆነውን ገበሎ ነው። እንቁላሎቹን በተለያየ ሙቀት አስቀምጠው ሲያስፈለፍሉ ቀዝቀዝ ካለው ቦታ ሴቶች፣ ሞቅ ካለው ወንዶች ወጡ። ጽሑፋቸው አጭር ነበር። አውሮፓና አሜሪካ ያሉት ምሁራን ለዓመታት ልብ አላሉትም። ለዛሬው ታላቅ የምርምር ዘርፍ መነሻ የሆነ ግኝት ችላ መባሉ ያሳዝነኛል፤ የሻርኒየ ስም በየመማሪያ መጽሐፉ ሊጠራ ይገባዋል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ክሎድ ፒዮ በኤሊዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ በኤሊዎቹ ግን አቅጣጫው የተገለበጠ ነበር፤ ሴቶችን የሚያስገኘው ሞቃቱ ነው። ያኔም ጥርጣሬው አልጠፋም። ምናልባት ሙቀቱ የአንደኛውን ጾታ ጽንሶች እየገደለ የሌላውን የሚያስቀር ይሆን? ወይስ በቤተ ሙከራ ብቻ የሚታይ፣ ተፈጥሮ የማያውቀው ነገር ነው? በ1979 አሜሪካውያኑ ጄምስ ቡልና ሪቻርድ ቮግት ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ሰጡ። በቤተ ሙከራ ያስቀመጧቸው የወንዝ ኤሊ እንቁላሎች አብዛኞቹ በሕይወት ተፈልፍለው እንኳ በአንዱ ሙቀት ወንድ ብቻ፣ በሌላው ሴት ብቻ ሆኑ። ስለዚህ የሞት ነገር አይደለም። ቀጥለውም ሜዳ ላይ ያሉ ጎጆዎችን መረመሩ፤ ፀሐይ ከሚያገኘው አሸዋ ሴቶች፣ ጥላ ካረፈበት ወንዶች ይወጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተጠኑት እንስሳት የሚከተሉት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ ኩሬዎች በብዛት የሚገኘውና እንደ ቤት እንስሳ በዓለም ሁሉ የተሠራጨው ቀይ ጆሮ ኤሊ በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወንድ፣ በ32 ሴት ይሆናል። በባሕር ኤሊዎች የመለያያው ነጥብ 29 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ወንድ እየበዛ፣ ከፍ ሲል ሴት እየበዛ ይሄዳል። በኒውዚላንድ ብቻ የሚኖረውና እንሽላሊት የሚመስለው ቱዋታራ ተቃራኒ ነው፤ 22 ዲግሪ ሲያልፍ ወንድ ይበዛል። አዞዎች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አላቸው። የናይል አዞ ወንድ የሚሆነው 32ን ይዞ እስከ 34 ዲግሪ ባለው ጠባብ መሃል ነው፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝም ሲያይልም ሴት ይሆናል። ከአንድ ጉድጓድ የተገኙ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች የሚለያዩትም በዚሁ ነው፤ ከላይ ለፀሐይ ቀረብ ያለው እንቁላልና ከሥር የተቀመጠው የሚያገኙት ሙቀት እኩል አይደለም።

ወሳኙ ጊዜ የመፈልፈያው ዘመን በሙሉ አይደለም፤ በግምት መካከለኛው ሲሶ ነው። ከዚያ በፊት አፈሩ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም የጽንሱ ጾታ አይቆረጥም፤ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ለውጥም የተወሰነውን አይመልሰውም። አንድ የኤሊ እናት ያላት ዕድል ይህን ያህል ነው፤ እንቁላሉን ቀብራ በሄደች በሳምንታት ውስጥ ዝናብ ከጣለ አንድ ነገር፣ ፀሐይ ካከረረ ሌላ።

እስቲ ወደ እንቁላሉ ውስጥ ጠጋ እንበል። ጽንሱ ገና ጥቂት ሚሊሜትር ሳለ ከኩላሊቱ አጠገብ ሁለት ቀጫጭን እጢዎች ይበቅላሉ። እነዚህ እጢዎች ቆለጥም የሴት እንቁላል አፍሪም መሆን ይችላሉ፤ ለሁለቱም የሚሆን ሕዋስ አላቸው። ሙቀቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በኤሊዎች ላይ እንደታየው፣ ሴት በሚያደርገው ሙቀት አሮማቴዝ የተባለው ኢንዛይም በእጢው ውስጥ ይበረታል። የአሮማቴዝ ሥራ ቴስቶስቴሮንን የመሰሉ ሆርሞኖችን ወደ ኤስትሮጅን መለወጥ ነው። ኤስትሮጅኑ ሲበዛ የእጢው የውጭ ሽፋን እየወፈረ የእንቁላል አፍሪነቱን መልክ ይይዛል፤ ኤስትሮጅኑ ካልመጣ ውስጠኛው ክፍል ያድግና ቆለጥ ይሆናል። ይህን ለማረጋገጥ የተደረገው ሙከራ ለማመን እስኪከብድ ድረስ ቀላል ነው፤ ወንድ በሚያደርግ ሙቀት የተቀመጠ የኤሊ እንቁላል ቅርፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ ኤስትሮጅን ሲደረግበት ሴት ሆኖ ይፈለፈላል። በ1994 የዴቪድ ክሩስና የባልደረቦቻቸው ቡድን ደግሞ ከኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት የሚታወቁት ፒሲቢ የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ያንኑ ሥራ እንደሚሠሩ አሳየ። እንግዲህ የአንድ ወንዝ ኤሊዎች ጾታ በአፈሩ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ወንዙ ውስጥ በተደፋውም ሊዛባ ይችላል ማለት ነው።

ሙቀቱን መጀመሪያ የሚያነበው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ቅርብ ዓመታት መልስ አላገኘም ነበር። በ2018 ቻይናና አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በቀይ ጆሮ ኤሊ ላይ አንድ ትልቅ እርምጃ ተራመዱ። ቆለጥን የሚያስጀምር ዲኤምአርቲ1 የሚባል ዘረ-መል አለ። ይህ ዘረ-መል በሴቶቹ ሙቀት ማኅተም ታትሞበት ይተኛል፤ ማኅተሙ ዲኤንኤው በተጠቀለለበት ፕሮቲን ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ነው። በቀዝቃዛው፣ በ26 ዲግሪ፣ ኬዲኤም6ቢ የተባለ ኢንዛይም መጥቶ ማኅተሙን ያነሳዋል፤ ዘረ-መሉም ይነቃል። ተመራማሪዎቹ ይህን ኢንዛይም ሲያዳክሙት በወንድ ሙቀት ያደጉት ጽንሶች አብዛኞቹ ሴት ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ተሄደ፦ ሞቅ ሲል ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ካልሲየሙ ስታት3 የተባለውን ፕሮቲን ያነቃቃል፤ ስታት3 ደግሞ ኬዲኤም6ቢን ያፍነዋል። ጥቂት ዲግሪ ሙቀት ወደ ዕድሜ ልክ ጾታ የሚለወጠው በዚህ ሰንሰለት ነው። ዘረ-መል የሌለበት ጉዳይ አይደለም እንግዲህ። ዘረ-መሎቹ እነዚያው ናቸው፤ በወንዱም በሴቷም አሉ። የተለየው የትኛው ይንቃ የትኛው ይተኛ የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም ከውጭ ይመጣል።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ውርስ ስንል የሚታሰበን በደምና በክሮሞዞም የሚተላለፈው ብቻ ነው። የአዞ እናት ግን ለልጆቿ ቦታንም ታወርሳለች። በ1982 ማርክ ፈርጉሰንና ቴድ ጆአነን በሉዊዚያና ረግረግ ያሉትን አሊጌተሮች ያጠኑበት ሥራ ይህን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። አሊጌተር ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ሣርና ቅጠል ቆልላ መሃሉ ላይ ትጥላለች። አንዳንዷ ቁልሏን የምትሠራው ከረግረጉ ከፍ ባለው ደረቅ ግድብ ላይ ነው፤ ሌላዋ ውኃው አጠገብ እርጥቡ ሣር ውስጥ። የግድቡ ጎጆ 34 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃልና የሚወጡት ወንዶች ናቸው። የረግረጉ ጎጆ 30 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ሴቶች ይወጡበታል። በዚያ ረግረግ በጠቅላላው ለአንድ ወንድ አምስት ሴቶች ይፈለፈሉ ነበር። ሁለቱ እናቶች በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ሊሆን ይችላል፤ አንዷ ወንዶችን፣ ሌላዋ ሴቶችን ወልዳ ትሄዳለች። የባሕር ኤሊዎች ደግሞ ይበልጥ ይገርማሉ፤ ሴቶቹ አድገው ሲመለሱ የሚጥሉት ራሳቸው በተፈለፈሉበት አካባቢ ነው። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ አንድ የባሕር ዳርቻ፣ ከዳርቻውም ጋር የዚያ አሸዋ ሙቀት ይተላለፋል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? በ1977 ኤሪክ ቻርኖቭና ጄምስ ቡል ያቀረቡት ሐሳብ እስካሁን ከሁሉ ጠንካራው ነው። አንድ ዓይነት ሙቀት ለወንድ፣ ሌላ ዓይነት ደግሞ ለሴት የሚበጅ ጫጩት የሚያስገኝ ከሆነ ጾታን ለሙቀቱ መተው ትርፍ አለው ይላሉ። በ2008 ዳንኤል ዋርነርና ሪክ ሻይን ይህን በአንድ የአውስትራሊያ ገበሎ ፈተኑት። ሆርሞን የሚገታ መድኃኒት ተጠቅመው በተለመደው ሙቀት የማይገኙ ወንዶችን አስፈለፈሉና ለዓመታት ተከታተሏቸው። ለወንድ በሚስማማው ሙቀት የተፈለፈሉት ወንዶች ብዙ ልጅ ወለዱ፤ በሌላው ሙቀት በግድ ወንድ የተደረጉት ጥቂት። ይህ ገበሎ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ውጤቱን በአንድ ተመራማሪ ዘመን ማየት ተቻለ። ሰባና ሰማንያ ዓመት በሚኖር አዞ ላይ ግን እንዲህ ያለ ፈተና ማን ሊጨርስ ይችላል?

ሰው ነገሩን ሳያውቅ እጁን ሲያስገባ ምን እንደሚሆን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ታይቷል። ኬምፕ ሪድሊ የተባለው የባሕር ኤሊ ሊጠፋ ስለተቃረበ ከ1978 ጀምሮ ከሜክሲኮ ዳርቻ እንቁላሎች ወደ ቴክሳስ ይወሰዱ ነበር፤ አሸዋ በተሞሉ የፎም ሣጥኖች ውስጥ እንዲፈለፈሉና ኤሊዎቹ አዲስ ዳርቻ እንዲለምዱ ነው ሐሳቡ። በቅን ልቦና የተሠራ ሥራ ነው። ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ከሜዳው አሸዋ ያነሰ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚፈለፈሉት ወንዶቹ በዙ። ዝርያን ለማትረፍ በሚደረግ ጥረት ከሁሉ በላይ የሚፈለጉት እንቁላል የሚጥሉት ሴቶች ሆነው ሳለ! ኒኮላስ ምሮሶቭስኪና ቸስተር ኢንተማ በ1980 ማስጠንቀቂያቸውን ጻፉ፤ በኋላም ሙቀቱ ከፍ ተደርጎ ሴቶቹ እየበዙ መጡ። ትምህርቱ ለአዞ እርባታም ይሠራል። አርባ ምንጭን ጨምሮ የናይል አዞ በሚረባበት በማንኛውም ቦታ እንቁላል በሰው ሠራሽ መፈልፈያ ከገባ፣ ቴርሞሜትሩን የሚያስተካክለው ሠራተኛ የመንጋውን ጾታ እየወሰነ ነው።

ዛሬ ግን መፈልፈያው መላው ምድር ሆኗል። በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ በታላቁ ባሪየር ሪፍ ጫፍ ሬይን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ ከዓለም ታላላቅ የአረንጓዴ የባሕር ኤሊ መጣያዎች አንዷ ናት። እዚያ የሚፈለፈሉት ወንድ ይሁኑ ሴት ለማወቅ ከባድ ነው፤ ጫጩቱን ከውጭ ዐይቶ መለየት አይቻልም፤ ወጣቱም ኤሊ ቢሆን እስኪጎረምስ ድረስ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ማይክል ጀንሰንና ባልደረቦቻቸው ባሕር ውስጥ የሚግጡትን ኤሊዎች እየያዙ በደማቸው ውስጥ ያለውን ሆርሞን ለኩ፤ የአንዳንዶቹንም ሆድ በቀጭን መሣሪያ ገብተው እጢዎቹን አዩ። ኤሊው ከየትኛው ዳርቻ እንደመጣ ያወቁት በዘረ-መሉ ነው። ውጤቱ በ2018 ሲወጣ በሰሜኑ ሞቃት ክፍል ከተወለዱት ታዳጊዎች 99.1 በመቶው፣ ለአካለ መጠን ከተቃረቡት 99.8 በመቶው ሴቶች ነበሩ። ካደጉት 86.8 በመቶ። ቀዝቀዝ ባለው በደቡቡ ክፍል የተወለዱት ሴቶች ግን ከ65 እስከ 69 በመቶ ነበሩ። ቁጥሮቹን አንድ ላይ ስናነባቸው የጊዜውን ሂደት እናያለን። ያደጉት ኤሊዎች የተፈለፈሉት ከአሥርተ ዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ ከየመቶው አሥራ ሦስት የሚሆኑ ወንዶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በመጡት ትውልዶች ወንዱ ወደ አንድ ከመቶ ወርዷል።

በኒውዚላንድ ስጋቱ በሌላው አቅጣጫ ነው። ኖርዝ ብራዘር የምትባለው ደሴት ስፋቷ አራት ሄክታር ቢሆን ነው፤ ያሉባት ቱዋታራዎች ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። በ2008 የወጣ ጥናት ሙቀቱ በከፋው ግምት ከጨመረ በ2080ዎቹ አጋማሽ በዚያች ደሴት አንዲትም ሴት እንደማትፈለፈል አስልቷል። ቱዋታራ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል። በደቡብ ኒውዚላንድ ሙዚየም ውስጥ የነበረው ሄንሪ የተባለው ቱዋታራ በ2009 አባት የሆነው በ111 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ሴት የሌለበት መንጋ ወዲያው አይጠፋም፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ደኅና መስሎ ይቆያል።

እነዚህ እንስሳት ከዚህ በፊት የበረዶ ዘመናትንና የሙቀት ዘመናትን አልፈዋል፤ ዝም ብለው የሚጠፉ አይመስለኝም። እናት ጥላ ያለበትን ቦታ ልትመርጥ፣ ጠለቅ አድርጋ ልትቀብር፣ ወቅቱ ሳይሞቅ ቀድማ ልትጥል ትችላለች። የባሕር ኤሊ ወንዶችም ከሴቶቹ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ለመራባት ይመለሳሉ፤ አንዱም ለብዙ ሴቶች ይበቃል። መጠነኛ የሴት መብዛት እንዲያውም መንጋውን ያበዛዋል። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። አንዲት አረንጓዴ ኤሊ እንቁላል ለመጣል እስክትደርስ ሃያ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል፤ አሸዋው ግን በአንድ ትውልዷ ዕድሜ ውስጥ እየሞቀ ነው። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ የጾታ ጥያቄ ቀርቶ ጽንሶቹ ይሞታሉ። ስለዚህ በየዳርቻው ጎጆዎችን በጥላ መረብ መሸፈን፣ ውኃ ማርከፍከፍ፣ እንቁላሎቹን ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ማዛወር ተጀምሯል። ይህን የሚሠራ ሰው ስንት ወንድና ስንት ሴት ይበቃል የሚለውን ለራሱ መመለስ አለበት፤ ተፈጥሮ ለአሸዋው የተወችውን ውሳኔ በእጁ እየወሰደ ነውና።

በሬይን ደሴት ዙሪያ ከተቆጠሩት ታዳጊ ሴቶች ብዙዎቹ ለመጣል የሚደርሱት በሚመጡት ሁለትና ሦስት አሥርተ ዓመታት ነው። ወንዶቹ ለእነሱ ይበቁ አይበቁ እንደሆነ በአዋቂዎቹ ቁጥር አይታወቅም፤ ዳርቻው በኤሊ እናቶች ተጨናንቆ እንኳ ሊታይ ይችላል። ምልክቱ የሚታየው እንቁላሎቹ ላይ ነው። አዲስ የተጣለ፣ ዘር ያገኘ የኤሊ እንቁላል በቀናት ውስጥ ቅርፊቱ ላይ ነጭ ክብ ያወጣል፤ ዘር ያላገኘው አያወጣም። ተመራማሪዎች ከአሁኑ ጎጆ እየከፈቱ ሊቆጥሩ የሚገባቸው ይህንን ነው።